በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ መሬት፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ቦሌ ሜዳ

በታሪክ ክበብ አባላት የተዘጋጀ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ ምን ብንጽፍ ይሻላል ስንል የታሪክ ክበባችን አባላት ብዙ ተመካከርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ታላላቅ ጦርነቶች፣ አንዳንዶቹም ስለ ስመ ጥር ነገሥታት እንጻፍ አሉ። በመጨረሻ የመረጥነው ግን ከአንዲት ወረቀት የተነሣውን ጉዳይ ነው።

ለበዓሉ አውደ ርእይ አሮጌ ጽሑፎችን ስንሰበስብ የግቢያችን የይዞታ ካርታ ግልባጭ በእጃችን ገባ። ስፋቱ፣ አዋሳኙና ማኅተሙ ሁሉ በሚገባ ይታያል። ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ለሚኖሩ አንድ አዛውንት ብናሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህስ ደኅና ወረቀት ነው፤ ነገር ግን ይህን ሜዳ ያረሰው ሰው ስሙ የለበትም» አሉን። «አባባ፣ ያረሰው ማን ነበር?» ብለን ብንጠይቃቸው «አባቴ ነው» ሲሉ መለሱልን።

ይህ መልስ ጥያቄ አሳደረብን። ስለ መሬት የሚጻፍ ጽሑፍ ከጥንት ጀምሮ እንዴት ይጻፍ ነበር? ማንንስ ያስታውሳል? ማንንስ ይረሳል? ያነበብነውንና ከመምህራኖቻችን የተማርነውን ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን። በጽሑፋችን ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

፩. ርስትና ጉልት

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሁለት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እነርሱም ርስትና ጉልት ናቸው።

ርስት ማለት አንድ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በትውልድ ቆጠራ የሚደርሰው ድርሻ ነው። ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ስለሚሄድ ወንዱም ሴቷም ርስት መጠየቅ ይችሉ ነበር። ባለርስቱ መሬቱን ያርሳል፤ ለልጆቹም ያወርሳል። ሆኖም መሬቱ የወገን ሁሉ ስለሆነ እንደ ከብት ወደ ገበያ አውጥቶ የሚሸጠው አልነበረም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ጉልት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጉልት የማረስ መብት ሳይሆን ከሚያርሰው ሰው ግብር የመቀበል መብት ነው። በጥንት ዘመን ንጉሡ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለካህናቱ በየወሩ የሚቆርጠው የገንዘብ ደመወዝ አልነበረውም። ስለዚህ ከአንድ አገር የሚገባውን እህል፣ ማር፣ ከብትና የጉልበት ሥራ እንዲቀበሉበት ያንን አገር ጉልት አድርጎ ይሰጣቸው ነበር። ባለጉልቱ ብዙ ጊዜ የዚያው አገር ዳኛም ይሆን ነበር። እንግዲህ በአንድ ማሳ ላይ ሁለት መብት ተደራርቦ ይገኛል ማለት ነው፤ ገበሬው ባለርስት ሲሆን ገዳሙ ወይም መኮንኑ ደግሞ ባለጉልት ነው።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገርም ገዳማትና መኳንንት ሰፋፊ የእርሻ ይዞታ ነበራቸው። በዚያ ግን ብዙው ገበሬ ከመሬቱ ጋር የታሰረ ነበር፤ ያለ ጌታው ፈቃድ ይዞታውን ለቆ ሊሄድ አይችልም። በኛ አገር የርስት ገበሬ ለባለጉልቱ ግብር ይክፈል እንጂ ርስቱ የራሱ ነበር። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ሁለቱን ሥርዓት አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ላይ ይጥላል።

፪. ስለ ምን በወንጌል ላይ ተጻፈ?

በዚያ ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይሰፍራል እንጂ ጽሑፍ የሚጠበቅበት ቋሚ ቤት አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያን ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። ከዚህም በላይ በቤተ ክርስቲያን ካሉት መጻሕፍት ሁሉ እጅግ የከበረው ወንጌል ነው፤ ሰው የሚምለው በርሱ ነው፤ እሳት ቢነሣ፣ ጦር ቢመጣ ካህኑ ቀድሞ አቅፎት የሚሸሸው እርሱን ነው። ስለዚህ ንጉሥ ለአንድ ገዳም መሬት ሲጐልት ስጦታው በገዳሙ ወንጌል መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ወይም በኅዳጉ ላይ ይጻፍ ነበር። ሽፋኑ በወርቅ ወይም በሌላ ማዕድን ያጌጠ ወንጌል «የወርቅ ወንጌል» ይባላል።

የጽሑፉ አካሄድ በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው። በሥላሴ ስም ይጀምራል። ቀጥሎ የንጉሡ ስምና የመንግሥት ስሙ ይመጣል። ከዚያ በኋላ «ጐለትኩ» ብሎ የተሰጠውን መሬት በስም ይዘረዝራል። አንዳንድ ጊዜም የንጉሥ ሹም ወደ ጉልቱ ገብቶ ግብር እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ቀጥሎ በዚያን ጊዜ የነበሩት ሹማምንት ከነማዕረጋቸው ይጠራሉ፤ እነርሱ ምስክሮች ናቸው። መጨረሻው ግዝት ነው፤ ይህን ስጦታ የሚያፈርስ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሆናል። ለእኛ ማኅተምና ፊርማ የሚሠሩትን ሥራ ለአባቶቻችን ምስክርና ግዝት ይሠሩላቸው ነበር።

ይህ ልማድ የኛ ብቻ አልነበረም። በስኮትላንድ አገር የሚገኝ የዲር ገዳም ወንጌል በኅዳጉ ላይ በ12ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ የመሬት ስጦታዎች አሉበት፤ መጽሐፉ ዛሬ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች ርስታቸውን የሚያስጠብቁበት አንድ ዓይነት መላ ማግኘታቸው እጅግ አስደነቀን።

፫. ከሽመዛና እስከ ሐይቅ

እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የመሬት ስጦታ ጽሑፎች መካከል ጥንታዊ ከሆኑት ውስጥ የሚቆጠሩት በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ላይ ያሉት ናቸው። ይህ ገዳም በሸዋ ካለው ደብረ ሊባኖስ የተለየ ሲሆን የሚገኘው በዛሬይቱ ኤርትራ በአካለ ጉዛይ ነው። በወንጌሉ ላይ የዛጔው ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው ስጦታ ተጽፏል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እነዚህን ጽሑፎች በ1901 አሳትሟቸዋል። ስለ ንጉሥ ላሊበላ ስናስብ ሁላችንም ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ብቻ እናስታውሳለን፤ መንግሥቱ እስከ ሰሜን ጫፍ ድረስ መዘርጋቱን የሚመሰክሩልን ግን እነዚህ ጥቂት መስመሮች ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 ገደማ በሐይቅ ደሴት ማኅበረ መነኮሳት አቋቋሙ። ለገዳማቸው ያስጻፉት ወንጌል የ1280 ወይም የ1281 ዓመት ሥራ ሲሆን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልና ስለ ገዳሙ ንብረት የተጻፉ ማስታወሻዎች ይገኙበታል። ይኩኖ አምላክ በ1270 ከነገሠ በኋላ ሐይቅ በቤተ መንግሥት ዘንድ ታላቅ ክብር አገኘ፤ የገዳሙም አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ያዘ። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው እንደዚህ ያሉትን የጉልት ጽሑፎች እያነጻጸሩ፣ ንጉሡ አዲስ በያዘው አገር ለማን መሬት እንደ ሰጠና ሥልጣኑ እንዴት እየሰፋ እንደ ሄደ አሳይተዋል። ዜና መዋዕል ንጉሡ እንዲባልለት የሚፈልገውን ይነግረናል፤ የጉልት ጽሑፍ ግን ሳያስበው ብዙ ነገር ይነግረናል።

፬. ሐሰተኛ ጽሑፍ

ሆኖም የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። በመጽሐፈ አክሱም ውስጥ ለአክሱም ጽዮን ተሰጡ የተባሉ ብዙ ስጦታዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ አብርሃና አጽብሓ የሰጧቸው ናቸው ይባላል። ሊቃውንት አጻጻፋቸውን መርምረው ከእነዚያ ነገሥታት ዘመን እጅግ ዘግይተው የተዘጋጁ መሆናቸውን ገልጸዋል።

በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ሆኗል። ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ድል ካደረጉ በኋላ ንጉሥ ዊልያም መሬቱ በማን እጅ እንዳለ፣ ምን ያህልም እንደሚያወጣ በ1086 በየመንደሩ አስቈጥሮ በታላቅ መዝገብ አስጻፈ። ከዚያ ወዲህ «ይህ መሬት የኔ ነው» የሚል ሁሉ ማስረጃ እንዲያሳይ ይጠየቅ ጀመር። ይዞታቸው በቃል ብቻ የነበረ ገዳማት ተጨነቁ። በ12ኛው መቶ ዓመት የለንደኑ ዌስትሚንስተር ገዳም መነኮሳት በቀድሞው ንጉሥ በኤድዋርድ ስም ሐሰተኛ ጽሑፎች እንዳዘጋጁ ታሪክ ጸሐፊዎች አረጋግጠዋል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሌቦች ነበሩን? በክበባችን ውስጥ በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ከፊላችን «ሐሰት ምን ጊዜም ሐሰት ነው» አልን። ከፊላችን ደግሞ «ለብዙ ዘመን በእውነት የያዙትን መሬት ወረቀት አምጡ በተባሉ ጊዜ ምን ያድርጉ?» አልን። መምህራችን ሁለታችንንም ሰምተው፣ ሐሰተኛ ጽሑፍ ስለ ተጠቀሰው ንጉሥ ባይመሰክርም ስለ ጸሐፊው ዘመን ጭንቀት ግን በደንብ እንደሚመሰክር አስረዱን። እኛም በዚህ ተስማማን።

፭. ጎንደርና መቅደላ

ጎንደር በ1636 ከተማ ከሆነች በኋላ የመሬት ጽሑፍ ዓይነቱ በዛ። ከነገሥታቱ ስጦታ ሌላ የግለሰቦች ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ መጻፍ ጀመረ። ለምሳሌ ሪም የሚባለው መሬት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚሰጥ ነበር፤ የያዘው ሰው ራሱ ይቀድሳል፣ ወይም ሌላ ካህን ያቆማል። ይህ መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ገዥው፣ ሻጩ፣ ዋጋው፣ ዋሱና ምስክሩ ይጻፋሉ። ሴቶችም እንደ ወንዶች ገዥና ሻጭ፣ አውራሽና ወራሽ ሆነው ይገኛሉ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያን የመሬት ጽሑፍ ከታወቁት አንዱ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የቤተ ክርስቲያን መሬት ከመጠን በላይ ሆኗል በማለት ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ቄስና ለሦስት ዲያቆን የሚበቃው ይቅር፣ ትርፉ ለገባር ይሰጥ ባሉ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ብርቱ ጠብ ገቡ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድም በ1279 መሬት ያለ ንጉሥ ፈቃድ ወደ ገዳማት እንዳይተላለፍ በሕግ ከልክሎ ነበር፤ መሬት አንድ ጊዜ በማይሞት ማኅበር እጅ ከገባ ተመልሶ አይወጣምና።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወስደዋቸው ነበር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ከመጻሕፍቱ ጋር በኅዳጋቸው ያለው የመሬት ጽሑፍም አብሮ ተሻገረ። ስለዚህ የጎንደር ሰው የአያቱን አያት የርስት ሽያጭ ለማየት ቢፈልግ ለንደን ድረስ መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ለኛ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

በጎ ሥራም አልጠፋም። በ1965 በአዲስ አበባ፣ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው ተቋም፣ ሀንቲንግፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐማቸውን የሰሜን ኢትዮጵያ የመሬት ስጦታዎች ሰብስቦ አሳተመ። ከ1973 ጀምሮም በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ የብራና መጻሕፍት በፊልም እየተነሡ ተጠብቀዋል።

፮. ቃላድ ወደ ቦሌ መጣ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈሯ በፊት በዚህ ሜዳና በዙሪያው ባሉት ኮረብታዎች የኦሮሞ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ይኖሩ ነበር። ድንበራቸው ወንዙ፣ ዛፉና የጎረቤት ምስክርነት ነበር። ከተማይቱ ስትመሠረት ዐፄ ምኒልክ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ሰፈር ሰጧቸው፤ በከተማይቱ ዙሪያ ያለውም መሬት ለመኳንንት፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለባለሟሎች ተደለደለ። መለኪያው ቃላድ የሚባል ገመድ ነበር፤ አንድ ጋሻ መሬትም ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። በ1900 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ደግሞ በከተማይቱ ውስጥ መሬት ያለው ሰው በጽሑፍ እንዲይዘው፣ ሊያወርሰውና ሊሸጠውም እንዲችል ፈቀደ።

በሰሜን ከርስቱ ያልተነቀለ ገበሬ ግብር ሲከፍል፣ በዚህ አካባቢ ግን ብዙ ገበሬ በገዛ አባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። አዛውንቱ እንደ ነገሩን አባታቸው በዚህ ዋልካ አፈር ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩ ነበር፤ በመኸር ጊዜ ከምርታቸው ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰጣሉ፤ አሥራቱ ደግሞ ለብቻው ነው። «ወረቀቱ በከተማ በሣጥን ውስጥ ነበር፤ እኛ ጋ የነበረው ሞፈርና ቀንበር ነው» አሉን።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ሰፊ መንገድ ተዘረጋ፤ ከእርሻው መካከልም ቪላ ቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የጉልትና የጭሰኛ ዘመን በዚህ አበቃ። የአዛውንቱ አባት ያን ቀን ወደ ማሳቸው ሄደው አፈሩን በእጃቸው ዘግነው እንደ ቆሙ ልጃቸው ያስታውሳሉ። ዳሩ ግን መሬቱ የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥ ሀብት አልሆነላቸውም። ከተማይቱ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ሰሚትና ወደ ቡልቡላ እየሰፋች ስትሄድ ማሳው ቤት፣ መንገድና ትምህርት ቤት ሆነ። እኛ ፊደል የቈጠርንበት ክፍል የቆመው በዚያ ማሳ ላይ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በከተማ ቦታ በሊዝ ይያዛል፤ በ2006 ዓ.ም. የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ወጥቷል። በአማራ ክልል ገጠርም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር መስጠት ተጀምሯል፤ በደብተሩም የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ጥንት በወንጌል ኅዳግ ያልተጻፈው የአራሹ ስም አሁን በደብተር ላይ መጻፉን ስናይ ደስ ይለናል።

፯. ማጠቃለያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ከላይ ያየነው ሁሉ የዚህን አባባል እውነትነት ያስረዳል፤ የሽመዛና መነኮሳት ከ800 ዓመት በፊት ባያስጽፉት ኖሮ ስለ ስጦታው ዛሬ ምንም አናውቅም ነበር። ነገር ግን አባባሉ ሌላም ትምህርት አለው። ጽሑፍ ለተጻፈለት ሰው ጋሻ ሲሆን ላልተጻፈለት ሰው ደግሞ ዝምታ ነው። በጉልት ጽሑፍ ላይ ንጉሡ፣ ገዳሙና ምስክሮቹ በስም ሲጠሩ ግብሩን የሚያመጣው ገበሬ ብዙ ጊዜ ስም የለውም። ስለዚህ አንድ የመሬት ጽሑፍ ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? በውስጡ የሌለውስ ማን ነው?

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፤ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያሉትን አሮጌ ወረቀቶች፣ ውሎችና ደረሰኞች ቆሻሻ ናቸው ብላችሁ እንዳትጥሏቸው አደራ እንላችኋለን። አያቶቻችሁንም ሳይደክሙ ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ከነቀኑ ጻፉ። ወላጆችም ለልጆቻችሁ ስለ አሮጌው ሰፈራችሁ ንገሯቸው።

እኛም የጀመርነውን ለመፈጸም አዛውንቱ የነገሩንን በንጹሕ ወረቀት ጻፍን፤ አባታቸው የዘሩትን፣ የማሳውን ወሰን፣ ትልቁ ዋርካ የነበረበትን ቦታ ጭምር። አንብበን ካሰማናቸው በኋላ አንድ ስሕተት አርመው ፈረሙበት። ጽሑፉ ከግቢያችን ካርታ ግልባጭ ጋር በአንድ አቃፊ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ከእንግዲህ ወዲህ የዚህን ግቢ ታሪክ የሚፈልግ ሁሉ ሁለቱን አብሮ ያገኛቸዋል።